ለአንድ ቀን «ዛሬ በታሪክ» እንዴት ይሰናዳል? ጎጃም ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ፣ ሚኒ ሚዲያ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ በጠዋት ሰልፍ የምትነበብ አንዲት ዝግጅት አለች። «ዛሬ በታሪክ» ትባላለች። ቴሌግራም ላይም ሞልታለች። ብዙ ጊዜ ከስልክ ላይ ተገልብጣ ነው የምትነበበው። እንትና የተባለ የፈረንጅ ንጉሥ ተወለደ፣ እንትና የተባለ ዘፋኝ ሞተ፣ አለቀ።

መገልበጡ ብቻውን ባልከፋ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎጃም እዚያ ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ቀኑ ራሱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ እዚህ ረዘም አድርጌ የምሄድበት እሱ ላይ ነው። ቀኑ ከተበላሸ ታሪኩ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ዝግጅቷ የቆመችው በቀን ላይ ነዋ!

አንድ ቀን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። ሚያዝያ 27ን መርጫለሁ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ ስልክ፣ እና የሁለቱም አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን የታተመበት የግድግዳ ካላንደር ነው።

ደረጃ 1፦ የማንን ቀን እንደምትይዙ ወስኑ

ገጹ የሚታሰረው በኛ ቀን ነው ወይስ በፈረንጆቹ? የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በኛ። አንባቢያችሁ በሚካኤልና በጊዮርጊስ ነው ወሩን የሚቆጥረው። የመንግሥት በዓላትም በኛ ቀን ነው የሚከበሩት።

ልዩነቱ የሚገባችሁ በዐድዋ ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ ስትከፍቱ ማርች 1, 1896 ይላችኋል። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጓትም። የኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ከማድረግ አያርፍም። በዚያች አንድ ቀን ምክንያት ሁለቱ ካላንደሮች ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ተራርቀዋል። የፈረንጁን ቀን ይዞ የሚሠራ ሰው ዐድዋን ማርች 1 ላይ ይለጥፋል፤ አገሩ ግን በዓሉን የሚያከብረው በማግስቱ ነው።

ደረጃ 2፦ የፈረንጁን ቀን በትክክል መልሱ

ዓመቱ ቀላል ነው። ከጃንዋሪ እስከ ዘመን መለወጫችን ድረስ 8 ትቀንሳላችሁ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ 7። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰው የሚስተው ቀኑን ነው። የግድግዳው ካላንደር የሚሠራው ከማርች 1900 ወዲህ ላለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ፣ ከካላንደሩ ላይ ያገኛችሁት ቀን ላይ መደመር አለባችሁ። ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ጻፉት፦

ከማርች 1800 እስከ ፌብሩዋሪ 1900 ለሆነ ነገር፣ 1 ቀን ደምሩ።
ከማርች 1700 እስከ ፌብሩዋሪ 1800 ለሆነ፣ 2 ቀን።
ከኦክቶበር 15, 1582 እስከ ፌብሩዋሪ 1700 ለሆነ፣ 3 ቀን።
ከዚያ በፊት ለሆነ፣ 13 ቀን።

የመጨረሻው ለምን ወደ 13 ዘለለ? ጎርጎርዮሳዊው ካላንደር የጀመረው በ1582 ነው። ኦክቶበር 4 ተኝተው ኦክቶበር 15 ነቁ። ከዚያ በፊት አውሮፓም የሚቆጥረው በዩልዮስ ካላንደር ነበር፤ እሱ ደግሞ ከኛ ጋር እኩል ነው የሚራመደው።

እስቲ ሚያዝያ 27 ላይ እንሞክረው። ካላንደሩ ሚያዝያ 27ን ሜይ 5 ይለዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ሜይ 5 ላይ የሆነ» ብሎ ይፈልግና ያገኘውን ይገለብጣል። ናፖሊዮን የሞተው ሜይ 5, 1821 ነው። ካርል ማርክስ የተወለደው ሜይ 5, 1818 ነው። ሁለቱም ሚያዝያ 27 ላይ ይለጠፋሉ። ግን ሁለቱም 1 ቀን ይደመርባቸዋል፤ ሚያዝያ 28 ናቸው። ውጡ በሏቸው።

በቦታቸው ማን ይገባል? በዚያ መቶ ዓመት ሚያዝያ 27 የሚውለው ሜይ 4 ላይ ነው። ሜይ 4, 1886 ቺካጎ ውስጥ ሄይማርኬት በሚባለው አደባባይ፣ የስምንት ሰዓት ሥራ በጠየቁ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቦምብ ፈነዳ። የሠራተኞች ቀን በዓል ከዚያ ሰሞን ትግል ጋር የተያያዘ ነው። ይህ በኛ ሚያዝያ 27, 1878 ነው። አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ፤ ሚያዝያ 27 ሜይ 3 ላይ ይውላል። ፖላንድ በጽሑፍ የሰፈረ ሕገ መንግሥቷን ያጸደቀችው ሜይ 3, 1791 ነው፤ ሚያዝያ 27, 1783። ከ1582 በፊት ደግሞ አፕሪል 22 ላይ ነው። ፖርቹጋላዊው ካብራል የብራዚልን የባሕር ዳርቻ ያየው አፕሪል 22, 1500፤ ማለትም ሚያዝያ 27, 1492። አያችሁ? በአንድ ቀን ስር፣ በሦስት የተለያዩ የፈረንጅ ቀኖች የተመዘገቡ ነገሮች ተሰበሰቡ። ከስልክ የሚገለብጥ ሰው እነዚህን አያገኛቸውም።

የቤታችንንም እንይ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን ያየው አፕሪል 21, 1618 ነው። ካላንደሩን ብቻ ካያችሁ ሚያዝያ 13 ይላችኋል። 3 ስትደምሩ ሚያዝያ 16 ይሆናል፣ ኪዳነ ምሕረት። ዓመቱ 1610 ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ዘመነ ዮሐንስ። ሉቃስ ጳጉሜን 6 አድርጎ ሲሸኝ፣ የዮሐንስ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ላለ ቀን 1 ትቀንሳላችሁ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ውሰዱ፤ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት የጎጃሙ ደራሲ። ያረፉት ዲሴምበር 6, 2003 ነው። ካላንደሩ ኅዳር 27 ይላል። 1996 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ግን ትክክለኛው ኅዳር 26 ነው። ወንጌላዊውን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ።

«ይህን ሁሉ ከምደምር አፕ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ፣ ጥሩም አለ። ግን መጀመሪያ ፈትኑት። የካቲት 23, 1888ን አስገቡበት። ማርች 1, 1896 ካለ እመኑት። ማርች 2 ካለ አጥፉት። ቀጥሎ ኅዳር 26, 1996ን አስገቡ፤ ዲሴምበር 6 ማለት አለበት። ሁለቱን ካለፈ ይበቃዋል።

ደረጃ 3፦ ዕለቱን አውጡ

ካላንደር ይለያይ እንጂ ዕለት አይለያይም። ሰኞ እዚህ ሰኞ ከሆነ ሮምም ሰኞ ነው። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይዛችሁ ዕለቱን ስታወጡ ካልገጠመ፣ አንዱ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

በፈረንጁ በኩል ስልካችሁ ያወጣላችኋል። በኛ በኩል ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት አለ። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ዲማም ደብረ ኤልያስም ዋሸራም የሊቃውንት አገር ነው። የኔታን መጠየቅ ይቻላል። ካልተመቸ ግን ሒሳቡ ይኸውና።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። ያ ዓመተ ዓለም ነው። እሱን ለ4 አካፍሉና ትራፊውን ጣሉ፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱን ደምሩና ለ7 አካፍሉ። ትራፊው መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ይነግራችኋል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ካልተረፈ ሰኞ።

ለ1933 እንሥራው። 5500 ሲደመር 7433። ለ4 ሲካፈል 1858። ድምሩ 9291። ለ7 ስናካፍለው 2 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1, 1933 ረቡዕ ነበር።

ከዚያ ወደ ሚያዝያ 27 እንሂድ። ያለፉትን ወራት በ2 አባዙ፤ ከሚያዝያ በፊት 7 ወር አልፏል፣ 14። ቀኑ ላይ 1 ቀንሱ፣ 26። ድምሩ 40። ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ከረቡዕ 5 ወደፊት ቁጠሩ፦ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ስልካችሁ ላይ ሜይ 5, 1941ን ክፈቱ። ሰኞ ነው። ገጠመ።

ይህ ነገር ስህተት ሲይዝ ማየት ከፈለጋችሁ እምባቦን ሞክሩ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዓባይን ተሻግረው ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ሆሮ ጉድሩ ላይ የተዋጉበት ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። የፈረንጅ ጽሑፍ ጁን 6, 1882 ይላል፤ ያ ማክሰኞ ነው። ካላንደሩን ብቻ አይታችሁ ግንቦት 29, 1874 ብላችሁ ብታሰሉ ሰኞ ይወጣላችኋል። አልገጠመም። 1 ደምራችሁ ግንቦት 30 ስትሉት ማክሰኞ ይሆናል። እና ሌላ ትርፍ አለው፦ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ግንቦት 30, 1933 ነው። ቀኑን በትክክል ስላወጣችሁ ለግንቦት 30 ገጽ ሁለት ነገር አገኛችሁ።

ዕለት መግጠሙ የሚያረጋግጠው ልወጣውን ብቻ ነው። መነሻው ጽሑፍ ራሱ ተሳስቶ ከሆነ ሒሳቡ አያድናችሁም።

ደረጃ 4፦ የአገር ቤቱን ሰብስቡ

ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ሥራ ነው። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ የተጻፈውን ፈልጉ። ታሪክ መጻሕፍት፣ የድሮ ጋዜጦች፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ ያሉ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ አዲስ አበባ ለሄደ ሰው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ)። የመቃብር ድንጋይና የሐውልት ጽሑፍም ማስረጃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ የብራና መጽሐፍ ዳር ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ካገኛችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። አስፈቅዳችሁ ግን። ፎቶ ከማንሳት በፊት አስተዳዳሪውን ጠይቁ።

ቀጥሎ ሰው ነው። የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት መቼ ተከፈተ? የመጀመሪያው አውቶቡስ መቼ ገባ? ታቦቱ አዲሱ ቤተ መቅደስ የገባው መቼ ነው? እነዚህ የትም ስልክ ላይ የሉም። ያሉት ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። ችግሩ አጠያየቅ ላይ ነው። «አያ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ወይ «እኔ ምን አውቄ ልጄ» ትባላላችሁ፣ ወይ ደግሞ እናንተን ላለማሳፈር ሲሉ አንድ ቁጥር ይነግሯችኋል። ቁጥሩን አትመኑት።

እንዲህ ጠይቁ፦ «የማን ዕለት ነበር? ገበያ ነው የዋለ? ጤፉ ታጭዶ ነበር ወይስ ገና እየተዘራ? ወንጌላዊው ማን ነበር?» የገጠር ሰው ወሩን በቅዱሳን ነው የሚይዘው። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለ እግዚአብሔር። «የግንቦት ሚካኤል ማግስት» ካሏችሁ ግንቦት 13 ነው፤ ጥርጥር የለውም። ገበያው ደግሞ ዕለቱን ይሰጣችኋል። የከተማችሁ ገበያ ቅዳሜ ከሆነ «ገበያ ለት ነው የዋለ» ማለት ቅዳሜ ማለት ነው።

አሁን ጨዋታውን ተመልከቱ። አንዲት እናት «የግንቦት ሚካኤል ለት፣ ቅዳሜ ገበያ ነበር፣ ዘመኑ ማርቆስ» አሏችሁ እንበል። ዓመት አልተናገሩም። ግን ነግረዋችኋል! ግንቦት 12 ቅዳሜ እንዲውል መስከረም 1 እሑድ መሆን አለበት። ከሚያዝያው ሒሳብ ጋር አንድ ነው፤ 8 ወር በ2፣ 16፤ 12 ሲቀነስ 1፣ 11፤ ድምሩ 27፤ ትራፊው 6። እሑድ ላይ 6 ስትቆጥሩ ቅዳሜ ትደርሳላችሁ። አሁን የማርቆስ ዓመቶችን እየወሰዳችሁ መስከረም 1 እሑድ የዋለበትን ፈልጉ። 1942 ይወጣል። ቀጥሎ 1970። ወንጌላዊ፣ ዕለትና ቀን አንድ ላይ የሚገጥሙት በየ28 ዓመቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀራችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ «እማማ፣ ያን ጊዜ ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ ገብቶ ነበር?» ይህን ደግሞ ማንም አይረሳም።

ሌላ ሁለተኛ ሰው ጋ ሂዱና ያንኑ ጠይቁ። ለየብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ከጠየቃችሁ አንደኛው የሌላውን ይደግማል። የሰዎቹን ስም ደብተራችሁ ላይ ያዙ፤ ሳታስፈቅዷቸው ግን አታንብቡት፣ ቻናል ላይም አትለጥፉት።

የልደት ቀን ላይ ተጠንቀቁ። የድሮ ሰው ልደት ብዙ ጊዜ የተመዘገበ አይደለም፤ በኋላ የተገመተ ነው። የሞት ቀን ግን በተዝካሩ ምክንያት ቤተሰብ ዘንድ ይቀራል። ሁለቱ ካሉላችሁ የሞቱን ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ጽሑፎች ሲጣሉ

ይጣላሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰበትን ቀን አንዱ ጽሑፍ ኖቬምበር 4, 1770 ይላል፤ ሌላው ኖቬምበር 14። በኛ አንዱ ጥቅምት 27, 1763፣ ሌላው ኅዳር 7 ይሆናል። ምን ታደርጋላችሁ? ከባለቤቱ የጉዞ ማስታወሻ ጋር የሚቀርበውን ያዙ። እሱን ማግኘት ካልቻላችሁ ለቀን ገጽ አትጠቀሙበት፤ ወሩን ብቻ ጠቅሳችሁ ሌላ ቦታ ተናገሩት።

እንግሊዝና ሩሲያ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። እንግሊዝ አዲሱን ካላንደር የተቀበለችው በ1752 ነው፤ ሩሲያ በ1918። የጥቅምቱ አብዮት የተባለው በድሮው ካላንደር ኦክቶበር 25 ስለነበረ ነው፤ በአዲሱ ኖቬምበር 7, 1917፣ በኛ ጥቅምት 28, 1910። ለኛ ለማንኛውም ጥቅምት ነው።

ሰዓትም ያጣላል። አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው አሜሪካ ውስጥ ገና ጁላይ 20, 1969 ሳለ ነው። እዚህ ግን ሊነጋ ሲል ነበር፤ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሐምሌ 14, 1961። መንኮራኩሯ ያረፈችው ግን ሐምሌ 13 ምሽት ነው። «አረፈች» እና «ረገጠ» የሚሉትን አትቀላቅሉ።

ቀን የሌለው ታሪክም አለ። የጎጃም ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያነሱት አመፅ ወራት የፈጀ ነው። አንድ ቀን ላይ ቸንክሬ ልለጥፈው ካላችሁ ታበላሹታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ምረጡ

ያገኛችሁትን ሁሉ አትጻፉ። ሰልፍ ላይ የቆመ ተማሪ አምስት ነገር ከሰማ በቂው ነው፤ ፀሐይም አለ። የቤቱ ይቅደም፣ ቀጥሎ የአገሩ፣ ከዚያ የዓለሙ። ታዋቂ ሰው ተወለደ የሚለውን መጨረሻ አድርጉት፤ ቦታ ካልተረፈ ጣሉት። መወለድ ብቻውን ዜና ሆኖ አይታየኝም።

ገና ያልደረቀ ቁስልም አለ። በቅርብ ዓመታት ሰው የሞተበት ቀን ላይ፣ የሟች ልጅ ሰልፉ ውስጥ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀን በዝምታ ብታልፉት ማንም አይወቅሳችሁም።

ደረጃ 7፦ ጻፉ

አጭር ዐረፍተ ነገር። ዓመቱ በኛ። የፈረንጁ ቀን አያስፈልግም፤ ደብተሩ ላይ ይቅር። «ምን ሆነ» ብቻ ሳይሆን «እኛን ምን አገናኘን» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ሚያዝያ 27 እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«ዛሬ ሚያዝያ 27 ነው፤ የአርበኞች የድል ቀን። በ1928 ዓ.ም. በዛሬዋ ቀን፣ ማክሰኞ፣ በማርሻል ባዶሊዮ የተመራው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማዋ ተመለሱ። የመጡት በኛ በኩል ነው። ጥር 12 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በበላያ በኩል አልፈው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። የጎጃም አርበኞች አምስቱን ዓመት ሙሉ በጫካ ሲዋጉ ቆይተዋል።

በ1878 ዓ.ም. በቺካጎ፣ የሥራ ሰዓት ስምንት ይሁን ባሉ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቦምብ ፈነዳ።

በ1953 ዓ.ም. አላን ሼፐርድ ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ጉዞው የፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ነው።

በ2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ 19 ምክንያት የታወጀው ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ።»

ይኸው ነው። ፖላንድንና ካብራልን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀመጥናቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር ያንኑ ማንበብ ይሰለቻል።

ስትሠሩ አንዱ ቀን ሌላውን እንደሚስብ ታያላችሁ። መጋቢት 28, 1933 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የያዘውም በዚያው ዕለት ነው። በዚህ የተነሳ ደርግ የድል በዓሉን ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዙሮት ነበር። በኋላ ተመለሰ። ለደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት መጋቢት 28 ራሱን የቻለ ሙሉ ገጽ ነው።

ደረጃ 8፦ መዝገብ ያዙ

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ። ቀን፣ ዓመት፣ ዕለት፣ የፈረንጁ ቀን፣ ስንት እንደደመራችሁ፣ ከየት እንዳገኛችሁት። ኤክሴል ለሚችል ኤክሴል ይሻላል። ሰው ስህተት ሲጠቁማችሁ አሮጌውን አትሰርዙ፤ አጠገቡ አዲሱን ጻፉና ለምን እንደቀየራችሁት አስፍሩ። ያለበለዚያ ከርሞ የመጣው ተማሪ ያንኑ ስህተት ከስልኩ ገልብጦ ይመልሰዋል።

ለመጀመሪያ እንዲሆናችሁ ጥቂት የጎጃም ቀኖች ልስጣችሁ።

መስከረም 5, 1981፦ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገብተው ከተማዋ አቅራቢያ ወደቀ። 104 ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ 35 ሞቱ።

ኅዳር 19, 1845፦ ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከካሣ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ሞቱ። ካሣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ጥር 23፦ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት። ይህ በየዓመቱ ስላለ ገጹን ከፎቶ ጋር አድርጉት።

መጋቢት 24, 2003፦ ጉባ ላይ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የተመረቀው ጳጉሜን 4, 2017 ነው። መተከል በድሮው አከፋፈል ጎጃም ውስጥ ስለነበር ልታስገቡት ትችላላችሁ፤ አሁን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ መሆኑን ግን ተናገሩ።

ግንቦት 3, 2016፦ ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ብዙ ክበብ እነዚያን ወራት ባዶ ይተዋቸዋል። ለቴሌግራም ቻናል ግን ክረምት ነው ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያነበው።

ጳጉሜን 6ንም አትርሷት። በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ ቀጣይዋ በ2019 መጨረሻ ላይ ናት። ካሁኑ ገጿን ክፈቱ። አንድ ነገር ልጀምርላችሁ፦ የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበረው ኒኪታ ክሩሽቼቭ የሞተው ጳጉሜን 6, 1963 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11, 1971። የጎጃሙን እናንተ ፈልጉ። ለዚህች ቀን የሚሻለው ቀሳውስቱን መጠየቅ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ የሆነ ነገር እነሱ ይይዛሉ።